በቄጠማ የሚከፈት በር

ዋይትሆል፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ኅዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ፀሐይወርቅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ለጥያቄሽ መልሱ፦ አይደለም፣ አልተቆጣሁም። መብራት ግን ከጎኔ ተቀምጣ ትስቃለች። «ባሌ አልተቆጣሁም ብሎ ሲጽፍ እስክሪብቶው ወረቀቱን ይበሳል» ነው የምትለው። ስልኩን ትተን በደብዳቤ እንድንነጋገር የወሰንሽው አንቺ ነሽ። ስልክ ላይ ትጮሃለህ፣ ወረቀት ላይ መጮህ አትችልም ብለሻል። እንግዲያው ረጋ ብዬ እጽፋለሁ።

የላክሽው ፎቶግራፍ ደርሶኛል። የስድሳ ሁለት ዓመት ሴት፣ ለዚያውም ሰንበት ትምህርት ቤት ስትዘምር ያደገች፣ ኩሽናዋ በር አናት ላይ ያንን ነገር ሰቅላ ፈገግ ብላለች። ምንድን ነው? መስቀል እንዳልለው አራቱ ክንዶቹ እንደ ነፋስ ወፍጮ ወደ አንድ ወገን ዞረዋል። ጌጥ እንዳልለው የተሰቀለው ቅዱስ ነገር በሚሰቀልበት ቦታ ነው። ላይብረሪ ሄጄ አነበብኩ። የብሪጂድ መስቀል ይሉታል። አንደኛው መጽሐፍ ብሪጂድ አይሪሾች ከክርስትና በፊት ያመልኳት የነበረች ጣዖት ናት ይላል። ሁለተኛው በስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ያረፈች የኪልዴር እመምኔት ናት ይላል። ሦስተኛው ሁለቱም ናት ይላል። ሦስተኛውን መጽሐፍ አልወደድኩትም። አንድ ነገር አንድ ነገር ይሁን።

ስለዚህ አስረጂኝ። የሰቀልሽው የማንን ነው?

ሌላ የምጠይቀው የለኝም። በፎቶግራፉ ግራ ዳር ቄጠማ የያዘ እጅ ይታያል፤ አውራ ጣቱ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል። የማን እጅ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ስለት የሚይዝ ሰው ግን ጓንት ያደርጋል። ይህን የምለው በሥራዬ ምክንያት ነው፤ ኒው አልባኒ መጋዘን ውስጥ የሴፍቲ ኃላፊ ሆኜ ቀኑን ሙሉ ለሰው የምናገረው ይህንኑ ነው።

ወንድምሽ ጀማነህ


ኪልዴር፣ አየርላንድ
ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጀሜ፣ አንተ ቁጡ፣

እንኳን ለኅዳር ጽዮን አደረሰህ። አዎ፣ ጉልበቴ ተሽሎኛል። የለም፣ ኦፕራሲዮን አያስፈልገውም። እሺ፣ ደረጃ ስወጣ መደገፊያውን እይዛለሁ። ልትጠይቀኝ ያሰብካቸውን ሦስቱንም መለስኩልህ።

ያልጠየቅኸው እጅም ደህና ነው። ፕላስተሩ ተነስቷል።

አሁን ወደ መስቀሉ። እኔ በምሠራበት የአረጋውያን ቤት ሞሪን የምትባል የዘጠና አንድ ዓመት ባልቴት አለች። ሾርባ ሳቀርብላት ጨው አነሰው ብላ ትመልሰዋለች፤ ስለዚህ እንዋደዳለን። እሷ እንደነገረችኝ፣ ብሪጂድ አንድ ሊሞት የተቃረበ አረማዊ ባላባት አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ታስታምመው ነበር። ሰውየው ይቃዣል፣ ይጮሃል፣ ማንንም አይሰማም። (ማንን አስታወሰህ?) እሷ አልተከራከረችውም። ወለሉ ላይ ከተጎዘጎዘው ቄጠማ ብድግ አድርጋ ዝም ብላ ትጎነጉን ጀመር። ሰውየው ጩኸቱን አቁሞ «ምንድን ነው የምትሠሪው?» አላት። መስቀል ነው አለችው፤ ምን ማለት እንደሆነም ነገረችው። ተጠምቆ ሞተ።

ወለል ላይ የተጎዘጎዘ ቄጠማ፣ ጀሜ። ይህን ስሰማ ባዕድ አገር ያለሁ አልመሰለኝም። ከእኛ የሚለዩት ቄጠማውን አንስተው በር ላይ መስቀላቸው ብቻ ነው።

ጣዖት ናት ወይስ ቅድስት ላልከኝ፣ ሞሪንን ጠየቅኋት። «ወንድምሽ ባለትዳር ነው?» አለችኝ። ነው አልኳት። «ታዲያ ሚስቱ እስካሁን አልነገረችውም? አንዲት ሴት ስንት ነገር እንደምትሆን?» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ መልስ ዩኒቨርሲቲም አታገኝም።

እንግዲህ አንተ የማትጠይቀውን እኔ ልናገር። ባለፈው መጋቢት ልጅህ ሮሃ የፋርማሲ ትምህርቷን አቋርጣ እኔ ዘንድ ቅርጫት ሥራ ልትማር ስትነሳ በርህ ላይ ቆመህ «ከዚህ ከወጣሽ በኋላ ብታንኳኪ የሚከፍትልሽ የለም» ብለሃታል። አንተ ንዴትህ ሲበርድ ረሳኸው። እሷ ግን የአንተ ልጅ ናት፤ የተባለችውን ቃል በቃል ትይዛለች። ዘጠኝ ወር ሊሞላ ነው። ለእናቷ በየቀኑ ትደውላለች። ላንተ የማትደውለው ተቀይማ እንዳይመስልህ። ተከልክያለሁ ብላ ነው።

እህትህ


ዋይትሆል
ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ፣

አዎ፣ ጾሙን እየጾምኩ ነው። የለም፣ ክብደት አልቀነስኩም።

በመጀመሪያ አንድ ማረሚያ። እኛ ቄጠማ የምንለውና እነሱ መስቀል የሚሠሩበት አንድ ተክል አይደሉም። የእኛ ግንዱ ሦስት ማዕዘን ነው፤ በጣት ቢሽከረከር ይቆረቁራል። የእነሱ ክብ ነው፣ ውስጡም እንደ ስፖንጅ ነጭ ነው። ባዮሎጂ የተማርኩት ለጌጥ አይደለም። ቢሆንም ሁለቱም ውኃ ዳር ይበቅላሉ፣ ሁለቱም ወለል ላይ ይጎዘጎዛሉ፤ ስለዚህ ለዚህ ደብዳቤ ያህል ቄጠማ እንበለው።

ሁለተኛ፣ የንጉሡንና የነጠላውን ታሪክ አነበብኩ። ብሪጂድ ለገዳም መሥሪያ መሬት ስትለምነው እምቢ አለ። «ነጠላዬ የሚሸፍነውን ያህል ብቻ ስጠኝ» አለችው። ስቆ እሺ አለ። መሬት ላይ ስትዘረጋው ነጠላው እየሰፋ ሜዳውን ሁሉ ሸፈነው። ሰው የሚያደንቀው ተአምሩን ነው፤ እኔ በንጉሡ ነው የምናደደው። ከፊርማ በፊት የነጠላውን ስፋት በሜትር ማስፈር ነበረበት።

ሦስተኛ፣ ስለ ልጂቱ። በረሃ አቋርጬ፣ ሱዳን ካምፕ ሦስት ዓመት ተቀምጬ፣ እዚህ ደርሼ መጋዘን ውስጥ ሣጥን ተሸክሜ ያስተማርኳት ቅርጫት እንድትሠራ አይደለም። ሦስት ሴሚስተር ነው የቀራት። ይህን እዚህ ላይ እዘጋዋለሁ።

አራተኛ፣ የብሪጂድ በዓል የሚውለው ጥር 24 ነው፤ እሱንም «የፀደይ መጀመሪያ» ይሉታል። እዚህ ጥር 24 ቀን የመኪናዬ በር በረዶ ይዞት አይከፈትም። እነዚህ ሰዎች ቴርሞሜትር የላቸውም?

ከዚህ ጋር አንድ ፎቶግራፍ አያይዣለሁ። ለሳይንስ ያህል ነው። መጋዘናችን ጀርባ የጎርፍ ውኃ የሚጠራቀምበት ኩሬ አለ፤ ዳሩ ላይ የእነሱ ዓይነት ቄጠማ በቅሎ አየሁና ጥቂት በመቀስ ቆርጬ ሞከርኩ። በሆሳዕና ዘንባባ ስጎነጉን ያደግኩ ሰው ነኝ፤ የማይቻል አይደለም። አንደኛው ክንድ ለምን እንደሚረዝም ግን አልገባኝም። የሚያውቅ ሰው ካለ አስተያየቱን እቀበላለሁ። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ጀማነህ


ኪልዴር
ታኅሣሥ 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጀሜ ወንድሜ፣

በገብርኤል ቀን የተጻፈ ነውና በደግ ልብ አንብበው።

በመጀመሪያ በረሃውን የተሻገርከው ልጅህ ፋርማሲስት እንድትሆን አልነበረም። ያን ጊዜ ልጅ አልነበረህም። የተሻገርከው ነፍስህን ልታተርፍ ነው። ተረፈች፤ ተመስገን። አሁን የተረፈችውን ነፍስ ማናደድህን ተው።

ፎቶግራፉን «የሚያውቅ ሰው» አይቶታል። በስልኳ አንስታ፣ አጉልታ ብዙ አየችው። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «በመቀስ ቆርጦታል። አይቆረጥም በይው፣ ከሥሩ ይነቀላል። ሦስተኛው እጥፋት ላይ ደግሞ ማዞሩን ረስቷል፤ እጥፍ ባደረገ ቁጥር ሩብ ማዞር አለበት።» ደግሞ አየችውና «ባት ኢትስ ናት ባድ» አለች። «መጥፎ አይደለም» የሚለው ቃል ከእናንተ ቤት ሰው አፍ ሲወጣ የዋንጫ ያህል ነው።

ቄጠማው ለምን አይቆረጥም ብትል፣ ብሪጂድ ከወለል ያነሳችው እንጂ በቢላዋ የቆረጠችው ስላልሆነ ነው ይላሉ። ፀደይ የሚሉትም ስለ ሙቀት አይደለም፤ በግ ወልዳ ወተት የሚወርድበት ጊዜ ስለሆነ ነው። በዱሮ ጊዜ ክረምቱን በደረቅ ምግብ የከረመ ቤት ያን ዕለት አዲስ ቅቤ ይቀምስ ነበር። ለዚህ ነው በዋዜማው ድንች በቅቤ ቀጥቅጠው የሚበሉት። አንድ ጨርቅም ውጭ ያሳድራሉ፤ ብሪጂድ በሌሊት ስታልፍ ትባርከዋለች፣ ዓመቱን ሙሉ ለራስ ምታት፣ ለወለምታ ይሆናል ይላሉ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከሁለት ሺህ ሃያ ሦስት ጀምሮ መንግሥትም ሥራ ይዘጋል። እኔ ግን የአረጋውያኑ ኩሽና ስለማይዘጋ ሥራ እገባለሁ።

ዋናው ነገር ግን በሩ ነው። ሞሪን ልጅ ሆና እንዲህ ነበር። በዋዜማው ማታ ቄጠማው ከደጃፍ ውጭ ይቀመጣል። ከቤቱ ሴት ልጆች አንዷ ትወጣለች፣ በሩ ይዘጋል። ያን ማታ የቤቱ ልጅ አይደለችም፤ ብሪጂድ ናት። ቄጠማውን ታቅፋ ታንኳኳና «ተንበርከኩ፣ ዓይናችሁን ክፈቱ፣ ብሪጂድን አስገቡ» ትላለች። ውስጥ ያሉት ይንበረከኩና «እንኳን ደህና መጣች» ይላሉ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ይባባላሉ፤ ከዚያ ይከፈታል። ቄጠማው ገበታው ሥር ይቀመጣል፣ ይበላል፣ መስቀሉ ይሠራል።

ይህን ስትነግረኝ ሮሃ አጠገቤ ነበረች። «ማንም ይቅርታ አይጠይቅም?» አለቻት። ሞሪን «ምን ጊዜ አለና፤ ድንቹ ይቀዘቅዛል» አለቻት።

እህትህ


ዋይትሆል
ጥር 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ። እግሬን በተመለከተ፣ መብራት ኮል አድርጋ የነገረችሽ የተጋነነ ነው። አልተሰበረም። ጅማቱ ተለጥጧል፤ እስከ ጉልበት የሚደርስ የፕላስቲክ ጫማ አድርገውልኛል፣ ስድስት ሳምንት ነው። «ኩሬ ውስጥ ሰጠመ» ማለቷ ስሕተት ነው። የገባው አንድ እግሬ ብቻ ነው።

እውነቱ እንዲህ ነው። የምሳ ሰዓት ነበር። መነቀል አለበት ስለተባለ ጎንበስ ብዬ ከሥሩ ስስብ፣ በበረዶው የላላው አፈር ከዳኝ። እዚያ እንደተቀመጥኩ፣ ኑራ ሣጥን የምታነሳበትን ፎርክሊፍቷን አቁማ መጣች። ኑራ በዲቪ የመጣች የደሴ ሴት ናት፤ ባለፈው ወር የሴፍቲ ጫማ ሳታደርግ ገብታ ማስጠንቀቂያ ሰጥቻታለሁ።

«ጋሼ ጀማነህ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?» አለችኝ።

«ምንም አልጠፋብኝም። ቄጠማ እየነቀልኩ ነው።»

«በዓል አለ እንዴ? የእናንተ ገና ገና ነው።»

«የአይሪሾች ነው።»

እግሬን አየችው። ከዚያ «የሴፍቲ ጫማ አድርገዋል?» አለችኝ።

አላደረግሁም ነበር። ሳቋ እስኪያልቅ ጠብቄ እጇን ያዝኩ። የነቀልኩትን ጥዬ ልሄድ ስል እሷው ተመልሳ ሰበሰበችውና «ይህን ያህል ከተከፈለበት አይጣልም» ብላ መኪናዬ ውስጥ አስገባችልኝ። አሁን ጋራዥ ውስጥ ሥሩ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ግማሹ ቢጫ ነው፤ የኦሃዮ ክረምት ነውና ይቅር ይበሉኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅ። የተለየ ሐሳብ የለኝም፣ ለማወቅ ያህል ነው። ኤርፖርቱ ላይ ጉምሩክ ሥር ያለው ተክል ከውጭ አያስገባም። ስለዚህ ከአየርላንድ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ቄጠማ ይዞ መምጣት አይችልም፣ እዚሁ ያለውን መጠቀም አለበት ማለት ነው፤ ልክ ነኝ? የቅርጫት ትምህርት ቤቶችስ በጥር መጨረሻ ይዘጋሉ?

ጀማነህ


ኪልዴር
ጥር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጀሜ፣

በጥምቀት ቀን ነውና እንኳን አደረሰህ። ስለ ጉምሩኩ ልክ ነህ። የሁለተኛውን ጥያቄህን መልስ አልሰጥህም። ትኬት የሚል ቃልም እዚህ ደብዳቤ ውስጥ ፈልገህ አታገኝም።

ይልቅ ምክር ልስጥህ። የዘንድሮ ዋዜማ ጥር 23 ቅዳሜ ነው። ነነዌ የሚገባው ሰኞ ስለሆነ ቅቤ ይበላል። ስለዚህ መብራትን ድንች አስቀቅላት፤ ቅቤው ላይ አትሰስት። ማታ ቤትህ ሁን። እግርህን ይዘህ የትም አትሄድም መቼስ።

አሁን ደግሞ በደንብ ስማኝ፤ ቀልዴን አይደለም። አንተ አፍህን ሞልተህ «ነይ» እንደማትል እኔም፣ መብራትም፣ ሮሃም እናውቃለን። እሷም አይከፈትም በተባለ በር ላይ ቆማ አትለምንም። ከአንድ ድንጋይ የተፈለጣችሁ ናችሁ። እኔም ያንተ እናት አይደለሁምና ከእንግዲህ አላስታርቅም፤ ጉልበቴን አሞኛል። ባህሉ ግን የምትሉትን ለሁለታችሁም አዘጋጅቶላችኋል። እሷ የራሷን አታንኳኳም፣ የብሪጂድን ነው የምታንኳኳው። አንተ የራስህን አትመልስም፣ የቤቱን ነው የምትመልሰው።

ምልክቱ ቄጠማው ነው። ደጃፍህ ላይ ካለ ታንኳኳለች። ከሌለ ግን ነገሩ አበቃ፤ እዚያው ከተማችሁ ሞርስ ሮድ ጓደኛዋ ቤት አድራ፣ እናቷን አይታ ትመለሳለች። ከዚያ በኋላ መቼ እንደምትመጣ እኔ አላውቅም።

ማን እንደሆነች አልነገርኩህም።

እህትህ


ዋይትሆል
ጥር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ፣

«እህሳ?» የሚል ቴክስት አራት ጊዜ ልከሻል። ደብዳቤ ብቻ ብለሽ የደነገግሽው አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ በደብዳቤ እመልሳለሁ፣ ሳምንት ያህል ትጠብቂያለሽ። መብራት ቀድማ ኮል እንደምታደርግልሽ አውቃለሁ። የእሷ ግን የተጋነነ ነው የሚሆነው። ይህኛው ትክክለኛው ነው።

ቄጠማውን ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ አስቀመጥኩ። ንፋስ እንዳይወስደው ጡብ ጫንኩበት። ማታ አካባቢ በረዶ ጣለና ሸፈነው፤ በፕላስቲክ ጫማዬ ወጥቼ ጠረግኩት። ደግሞ ጣለ፤ ደግሞ ጠረግኩት። መብራት «እግዚአብሔር ሲያየው ደስ ይለዋል፣ ጎረቤት ሲያይህ ግን ፖሊስ ይጠራል» አለችኝ። በመጨረሻ በረዶው እንደማያቆም ሲገባኝ፣ ከመኪናዬ አንድ ብርቱካናማ የሴፍቲ ኮን፣ ያንን መንገድ ላይ ለማስጠንቀቂያ የሚቆም ሾጣጣ፣ አውጥቼ አጠገቡ አቆምኩ። ሰው እንዳያደናቅፈው ነው። የሚታይ መሆኑ ሌላ ጥቅም ነው።

ቤታችን ለኤርፖርቱ ቅርብ መሆኑን ታውቂያለሽ። ስንት አውሮፕላን እንዳረፈ አልቆጠርኩም። ድንቹ ሁለት ጊዜ ሞቀ።

ከዚያ ተንኳኳ።

ከውጭ ድምፅ መጣ፦ «ዓይናችሁን ክፈቱ፣ ብሪጂድን አስገቡ።»

የመጀመሪያው ተዘሏል፣ እትዬ። «ተንበርከኩ» የሚለው ነው የሚቀድመው፤ በታኅሣሥ 19 ደብዳቤሽ ላይ ራስሽ ጽፈሻል። ራሴን ዝም በል አልኩት፤ እውነቴን ነው። ግን አፌ ቀደመኝ።

«አንድ ቃል ይጎድላል» አልኩ በበሩ በኩል።

ከውጭ «እግርህን ስላመመህ ነው የተውኩት» አለች።

«በእግሬ ምክንያት ባህል አይቀነስም።»

«እሺ። ተንበርከኩ፣ ዓይናችሁን ክፈቱ፣ ብሪጂድን አስገቡ።»

ተንበረከክሁ። መብራትም ከኩሽና መጥታ ከኋላዬ ተንበረከከች። ሳቋን ለመደበቅ ይመስለኛል። «እንኳን ደህና መጣች» አልን። እሷ ደገመች፣ እኛ ደገምን። ሦስተኛውንም አልን። አሁን በሩ የሚከፈትበት ሰዓት ነው፤ ያኔ ነው መነሳት እንደማልችል የታወቀኝ። የፕላስቲኩ ጫማ ቁርጭምጭሚት አያሳጥፍም፤ ተንበርክኬ ቀረሁ። የበሩ መቀርቀሪያ ደግሞ ከራሴ በላይ ነው።

«አባዬ?» አለች ከውጭ። «ኢትስ ፍሪዚንግ።»

መብራት ልትከፍት ተነሳች። «ተይው» አልኳት። ያንን ነገር በዚህ በር ላይ ቆሞ የተናገረው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ሊከፍተው አይገባም። በጉልበቴ ሄድኩ፣ የጫማ መደርደሪያውን ያዝኩ፣ ተንጠራራሁ። መቀርቀሪያውን የነካሁት በጣቴ ጫፍ ነው። ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ ሮሃ ትነግርሻለች፤ ጋነን ታደርገዋለች፣ በእናቷ ወጥታለች።

ስከፍተው ተንበርክኬ ስለነበር መጀመሪያ ያየሁት ቄጠማውን ነው። በረዶ የያዘው፣ ግማሹ ቢጫ የሆነው፣ እግሬን ያስከፈለኝ ቄጠማ፣ ፊቴ ፊት ለፊት። ሮሃ በአንድ እጇ ታቅፋዋለች፤ በሌላ እጇ ኮኑን ይዛለች።

«ይህን ሳይ አወቅሁ» አለች። «በዓለም ላይ ቄጠማ አጠገብ ኮን የሚያቆም ሌላ ሰው የለም።»

ሁለቱ አንሥተው አቆሙኝ። ከዚያ በላን። ስለ ፋርማሲ ማንም አላነሳም። እኔም ሁለት ጊዜ ልጀምር ስል መብራት ድንች ጨመረችልኝ።

መስቀሉን ገበታው ላይ ሠራን። የሷ እጅ ፈጣን ነው፤ እጥፍ፣ ሩብ ማዞር፣ እጥፍ። የኔን አየችና ፈታ እንደገና አስጀመረችኝ። ሁለተኛውንም ፈታችው። «ሩብ ነው አልኩህ፣ ይሄ ሲሶ ነው» አለችኝ። እትዬ፣ እንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ ያለው ሰው ምን ዓይነት ፋርማሲስት ይወጣው ነበር። ይህን አላልኳትም። ላንቺ ብቻ ነው የምለው። ጥሩ ቅርጫት ግን ትሠራለች፤ እንደ አጎበር ቀላል የሆነ አንድ አምጥታልኛለች፣ ቁልፍና መነጽሬን አስቀምጥበታለሁ። አንድም ስሕተት አላገኘሁበትም። ፈልጌአለሁ።

ጨርቁን በተመለከተ፣ ነጠላዬን አጥሩ ላይ አሳደርኩት። ጠዋት እንደ ጣውላ ደርቆ ነበር፤ ለብቻው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ዕለቱ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ሰባረ አጽም ነበረና መብራት «አንተም ከነእግርህ ተዘጋጅተህ ነው የዋልከው» አለች። የነጠላው በረዶ ሲቀልጥ ሮሃ እግሬ ላይ ጠቀለለችልኝ። «ተሻለህ?» አለችኝ። ተሽሎኛል አልኳት። አልተሻለኝም። እስካሁንም አላረምኩትም።

የካቲት 1 ትመለሳለች። ያንቺን ጉልበት እንድታይልኝ ነግሬአታለሁ። መስቀሉ በሩ አናት ላይ ተሰቅሏል፤ እስከ ከርሞ ዋዜማ ድረስ ይቆያል፣ ከዚያ በአዲስ ይተካል፤ ባህሉ ነው፣ እኔ አላወጣሁትም። ኮኑ ጋራዥ ውስጥ ነው። የኩሬውንም ዳር ከአሁኑ አጥንቻለሁ፤ ከርሞ የሴፍቲ ጫማ አድርጌ ነው የምነቅለው።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፤ ሮሃ ካነሳችልሽ እንዳትጠይቂኝ ብዬ ነው። ባህሉ «እንኳን ደህና መጣች» የሚለው ሦስት ጊዜ ነው። በሩ ከተከፈተ በኋላ አንድ ጊዜ ጨምሬ «እንኳን ደህና መጣሽ» ብያለሁ። አራተኛው የትም መጽሐፍ ላይ የለም።

ወንድምሽ ጀማነህ